የማክሰኞው ግብዣ

ወዳጄ ማክሰኞን የመረጠው ለእኔ ብሎ ነው። ረቡዕ ጾም ነው፣ ዓርብም ጾም ነው፤ እንግዲያው ማክሰኞ ይሁን አለ። ምግብ ቤቱንም የመረጠው ለእኔ ብሎ ነው። ደሴ አጥር ለአጥር ያደግን ልጆች ነን። የእስላም ሥጋ እንደማልበላ እሱ ያውቃል፤ እሱም የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበላ እኔ አውቃለሁ፤ በዚህ አንድ ቀን እንኳ ተቀያይመን አናውቅም። እኛ ቤት ድግስ ሲኖር ለጎረቤት ሙስሊሞች አንድ በግ ለብቻ ይቀርብና አባቱ መጥተው «ቢስሚላህ» ብለው ያርዱታል፤ ድስቱም ለብቻ፣ ወጥ ሠሪዋም ለብቻ። ግብዣው በሆነበት በዱባይ ደግሞ ምግብ ቤት የሚቀርበው ሥጋ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሐላል ነው። ስለዚህ ወዳጄ ሥጋ የሌለው ምግብ በየዓይነቱ የሚገኝበትን ቤት ሲያፈላልግ ከረመና አንድ ትልቅ የሕንድ ምግብ ቤት ከሳምንት በፊት ቦታ አስያዘ።

ያልቆጠረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም፣ የገና ጾም የምንለው፣ ገብቷል።

በእሱ አልፈርድም። በእኛ ቤት ሁዳዴንና ፍልሰታን ሁሉም ይይዛል፤ የገናን ጾም ግን ከእናቴ በቀር የሚጾም አልነበረም። ያን ዓመት እናቴ ታማ ሐኪም ጾም ከለከላት። «አንቺ ተኚ፣ እኔ እጾምልሻለሁ» ብዬ በስልክ ቃል ገባሁላት። ለወዳጄ ግን አልነገርኩትም። አዲስ ሥራ አግኝቶ፣ ደስታውን ከእኔ ጋር ሊካፈል፣ ለቤድስፔስ፣ በጋራ ክፍል ለያዛት አልጋ፣ ከሚከፍለው ላይ ቀንሶ የጋበዘኝን ሰው «ቀኑን ቀይርልኝ» ማለት ከበደኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። አትክልት በልቼ እወጣለሁ፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል ብዬ ሄድኩ።

ቤቱ 828 ሜትር ከሚረዝመው ከቡርጅ ኸሊፋ ብዙም አይርቅም። ስንገባ የሄል፣ የቅርንፉድና የቀረፋ ሽታ ተቀበለን። ወዳጄ ምግቡን ሁሉ አስቀድሞ አዝዞታል። ለእሱ የበግ ቢርያኒ፤ ለእኔ ሥጋ የሌለበት ሁሉ።

ቢርያኒው በትንሽ የመዳብ ድስት መጣ። ክዳኑ ዙሪያውን በሊጥ ታሽጓል። አስተናጋጁ በዕድሜ የገፉ የሃይደራባድ ሰው ናቸው፤ ሩዙና ሥጋው በየድርቡ ተነባብሮ፣ በእንፋሎቱ ታፍኖ፣ በዝግታ እንደሚበስል ነገሩን። ይህን አሠራር «ደም» ይሉታል። እኔ ደነገጥኩ፤ በእነሱ ቋንቋ ግን እስትንፋስ ማለት ነው። ድስቱ እስትንፋሱን ይዞ ነው የሚበስለው። ሊጡ የሚሰበረው በላተኛው ፊት ነው፤ ወዳጄ ግን «መጀመሪያ እንግዳዬ ይቅመስ» ብሎ ድስቱን ወደ ጎን አስቀመጠው።

ለእኔ የመጣው ናን የሚባል ጠፍጣፋ ዳቦ፣ ፓኒርና ጠቆር ያለ የምስር ወጥ የሚመስል ነገር ነበር። ፓኒሩ አይብ መሆኑን ሳየው አወቅሁና አለፍኩት። ምስሩን ግን አመንኩት። በጾም ምስርን ማን ይጠረጥራል? አንዴ ጠቀስ አድርጌ ጎረስኩ። ከመዋጤ በፊት አወቅሁት። ኮረሪማና ኮሰረት የለበትም እንጂ ቅቤ ቅቤ ነው፤ አፍ ውስጥ ሲሟሟ አይጠፋም። ትፋው አይባል ነገር፣ ዋጥኩት። የእናቴ ፊት መጣብኝ።

«ምነው?» አለኝ።

«ምንም።»

ይህችን ቃል እስከ ዛሬ እጸጸትባታለሁ። እሱ ያፈርኩ መስሎት ናኑን ቆርሶ፣ ፓኒሩን ጠቅልሎ፣ እጁን ወደ አፌ ዘረጋ። ጉርሻ! እምቢ ብለው ወዳጄን በሰው ፊት ማዋረድ ነው፤ ብቀበለው ለታመመች እናቴ የገባሁትን ቃል ማፍረስ ነው። እጁ አፌ አጠገብ ደርሶ ቆመ።

«ጾም ነኝ» አልኩት።

«ዛሬ ማክሰኞ አይደለም እንዴ?»

«የገና ጾም ነው። ለእናቴ ብዬ ነው።»

ጉርሻውን ቀስ ብሎ ሳህኑ ላይ መለሰው። አልተቆጣም፤ ግን ተጎዳ። «አንተ ሰው፣ እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች?» አለ። እውነቱን ነው። እናቱ ረቡዕና ዓርብ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ለእኔ ሽሮ የምትሠራባት ቅቤ ነክቷት የማያውቅ ትንሽ ድስት ነበረቻት። የእኔን ጾም ጠብቃ ካሳደገችኝ እናት ልጅ ጾሜን ደበቅሁ።

ወዳጄ መጋዘን ሲሠራ በለመደው ሂንዲ አስተናጋጁን ጠርቶ አስረዳቸው። አዛውንቱ መጀመሪያ የጠየቁት «ጄይን ናቸው?» ብለው ነው። የጄይን እምነት ተከታዮች ከሥጋ ሌላ ሽንኩርትና ድንችን የመሰለ ከመሬት ሥር የሚወጣ ነገርም አይበሉም፤ ወተትና ቅቤ ግን ይፈቀድላቸዋል። የእኛ ተገላቢጦሽ ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም፤ ሽንኩርት ይቻላል ስንላቸው ምንም ሳይገረሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ልናገረው ያፈርኩት ነገር ለእሳቸው የዘወትር ሥራ ነው።

ከዚያ አንድ በአንድ ነገሩን። የበላሁት ዳል ማክኒ ይባላል፤ «ማካን» ቅቤ ማለት ነው፤ ክሬምም አለበት። መልሱ ስሙ ላይ ተጽፎ ነበር። ይህ ምግብ ከዴልሂው ሞቲ ማሃል ምግብ ቤትና በ1947 እ.ኤ.አ. ሕንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ ከፔሻዋር ከተሰደዱት ከኩንዳን ላል ጉጅራል ጋር ስሙ ይነሣል። ናኑ በእርጎ ታሽቶ ከላይ ቅቤ ተቀብቷል። ሮቲ የሚባለው ቂጣ ግን ዱቄትና ውኃ ብቻ ነው፤ ሽንብራም በዘይት ሊሠራ ይችላል። ሃያ ደቂቃ ጠብቀን ሽንብራው በዝንጅብልና በድምብላል ተሠርቶ፣ ሮቲው እየጨሰ መጣ።

ወዳጄን ቢርያኒህን ብላ ብዬ ለመንኩት። «አንተ ሽንብራ እየበላህ እኔ ሥጋ? አይሆንም» አለ። ከአንድ ሳህን ሽንብራውን በላን። የመዳቡ ድስት ሊጡ በፊታችን ሳይሰበር ተመለሰ፤ ቢርያኒው በዕቃ ተሞልቶልን ማታ አብረውት የሚኖሩት ልጆች በሉት።

ወዳጄ በማያውቀው አገር ምግብ ቤት ሲገባ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ሐላል ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ድምፁን አይቀንስም፣ ይቅርታ አይጠይቅም፤ ካልሆነ አመስግኖ ይወጣል። ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር ይህን ከእሱ አለመማሬ ይቆጨኛል። ጾም መያዝ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የጋባዥን ልፋት ከንቱ የሚያደርገው ዝምታው ነው። ትልልቅ ምግብ ቤቶችም ለአትክልት የሚያደርጉትን አረንጓዴ ምልክት ያህል ቅቤና ወተት ያለበትን ቢለዩልን መልካም ነው።

በማግስቱ ለንስሐ አባቴ ደውዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እናቴም ከበዓሉ በፊት ከአልጋዋ ተነሣች። ታኅሣሥ 29 ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ የደወለልኝ ወዳጄ ነው። «እንኳን አደረሰህ» አለና ሁዳዴ የሚገባበትን ቀን ጠየቀኝ፤ ስነግረው ጻፈው።