ጠያቂ አታድርጉኝ

ደክሞኛል። በድሬዳዋ ዙሪያ ባለችው በጀልዴሳ ጫት ሊተው የፈለገ፣ ገንዘብ ሊያጠራቅም የቆረጠ፣ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ሊያነብ ያሰበ፣ ማለዳ ተነስቶ በእግሩ ሊሄድ የተመኘ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ሰው ፈልጎ «አንተ ጠይቀኝ» ማለት ሆኗል። «ከተውኩት እንዳትለቀኝ፣ አደራ!» ይባባላሉ፤ እጅ ለእጅ ይመታታሉ። ሳምንት ሳይሞላ ጠያቂና ተጠያቂ አንድ ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን ጋደም ብለው ይቅማሉ።

ለሥራ ከድሬዳዋ ወደዚህ የመጣነውን፣ መምህሩን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያውን፣ ነገሩ በተለይ ይዞናል። ከቤተሰብ ርቀናል። ሙቀቱ ከረፋድ ጀምሮ ከጥላ አያስወጣም፤ ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ያለው ጊዜ ደግሞ በድሬም በዙሪያዋም ከጥንት ጀምሮ የበርጫ፣ የጫት መቃሚያ፣ ሰዓት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው ራሱን ብቻውን መግታት እንደሚከብደው አውቃለሁ፤ የሌላ ሰው ዐይን ያስፈልገዋል። ሐሳቡን አልጠላሁም። የሚያንገበግበኝ አመራረጣችን ነው።

ጫት ሊተው የሚፈልግ ሰው ጠባቂ አድርጎ የሚመርጠው አብሮት የሚቅመውን ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ሐራራ ሲነሳ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅለት እሱ ነው፤ ለሌላ ሰው መናገር ያሳፍራል። ግን ጫቱ ከደጋ ወርዶ ሲደርስ ሁለቱም እኩል ይፈተናሉ። አንደኛው «አቦ፣ ዛሬን ብቻ» ሲል ሌላው መከልከያ ቃል ከየት ያመጣል? እሱም ያቺን ቃል ሲጠብቅ ነው የዋለው። በፊት ሰው የሚወድቀው በራሱ ሐራራ ነበር፤ አሁን የጓደኛውም ተጨመረበት። ማግስቱን ደግሞ ማን ማንን ይጠይቅ? ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ በዚያው ያበቃል።

እኔ አልቅምም። ስለዚህ ሹመቱ በእኔ ላይ ይበዛል። እና ስለ ጠያቂው ሰው ድካም ማንም አያስብም። የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነው፤ «እንዴት ነው?» ስለው «ደህና ነኝ፣ አላህ ይስጥልኝ» ይለኛል። በሁለተኛው ሳምንት መልሱ ያጥራል። በሦስተኛው ሳምንት ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ከዚያ በኋላ ብጠይቀው «ሥራ የለህም እንዴ?» ነው የሚለኝ። እኔ እኮ በሰው ጉዳይ አልገባሁም፤ ለምኖ ያስገባኝ እሱ ነው። ዝም ብል አደራ በላሁ፤ ብጠይቅ ደግሞ ጎረቤት አጣሁ። በምሥራቁ ሀገር ታላቁን ሰው እንኳ «አንተ» እያልን በግልጽ እንነጋገራለን ብለን እንመካለን፤ ሰውን ፊት ለፊት «ቃልህን አልጠበቅህም» ማለት ላይ ስንደርስ ግን ይሉኝታው እንደማንም ይዞ ያስቀረናል። ይሉኝታውን ያለፈውም ብዙ ጊዜ አያምርበትም፤ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት «እህ፣ ተውክ ወይስ?» ብሎ ይጮኻል። የተጠየቀው ሰው በዚያ ቀን ጫት ባይቅም ነበር የሚገርመው።

ፈተና ሊያነቡ የሚነሱት ጉዳይ ሌላ ነው። እነሱ የሚናገሩት ለአንድ ሰው አይደለም፤ ለጀማው ሁሉ ነው። «ማስተርሱን ሊጀምር ነው» ይባልለታል፤ ሻይ ይጋበዛል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው የሚያየው እንደ ተማረ ነው። መጽሐፉ ተዘግቶ ይከርማል። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመው ጥናት ይህንኑ ያሳያል፤ ጠበቃ ለመሆን የሚያጠኑ ተማሪዎች ዕቅዳቸውን ሌላ ሰው ባወቀላቸው ጊዜ፣ ማንም ካላወቀላቸው ይልቅ ለሥራው ያዋሉት ጊዜ አነሰ። የመሆን ደስታው በመናገሩ ብቻ አስቀድሞ ተገኘ። ይህን ሳነብ የማውቃቸው ሰዎች ፊት በየተራ መጣብኝ፤ አዘንኩላቸውም።

የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ የሚሆነው ጀልዴሳ ላይ መሆኑ ነው። ይህች ቦታ እኮ በዋስትና የኖረች ናት። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ንግዱን ወደዚያ ከመውሰዱ በፊት፣ በዘይላና በሐረር መካከል የሚመላለሰው የሲራራ ንግድ ጀልዴሳን ይረግጥ ነበር። ከባሕሩ ዳርቻ የተነሳ ነጋዴ የሶማሌውን ምድር ብቻውን አያቋርጥም፤ አባን ይይዛል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ አባን ሰፋ አድርጎ ጽፏል። አባን ማለት ለእንግዳው ሕይወትና ንብረት ኃላፊነት የሚወስድ የአገሩ ሰው ነው። እንግዳው ቢዘረፍ የተደፈረው አባኑና ጎሳው ነው፤ ጉዳዩ የእሱ ይሆናል። ለዚህም ድርሻውን ያገኛል። ወዳጅ ስለሆነ አይደለም የሚጠብቀው፤ የሚያጣው ነገር ስላለው ነው።

ዛሬም ቢሆን ዙሪያችን ያለው የኢሳ ማኅበረሰብ የሚተዳደርበት ሔር ኢሴ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረው ሕግ፣ አንድ ሰው ሲያጠፋ ካሳውን በእሱ ላይ ብቻ አይጥልም። ወገኑ ያዋጣል። የካሳው ግመል ከእያንዳንዱ በረት ስለሚወጣ ሁሉም የወገኑን ልጅ አዋዋል ይከታተላል፤ ሲገሥጸውም «ምን አገባህ?» የሚለው የለም።

አሮጌው የኢትዮጵያ ዳኝነት ከዚህም ያለፈ ነበር፤ ነገሩ ተፈርዶ እስኪያልቅ ከሳሽና ተከሳሽን፣ ባለገንዘብና ባለዕዳን በሰንሰለት አቆራኝቶ ያውላቸው ነበር። እሱን ይመለስ አልልም፤ ጭካኔ ነው። ግን ያ ሥርዓት ጠያቂውም የሚከፍለው ነገር እንዳለ ያውቅ ነበር። እኛ ዛሬ «አንተ ብቻ ጠይቀኝ» ስንል ጠያቂው ጊዜውንና ወዳጅነቱን እንደሚከፍል ረስተነዋል።

ሰው ቃሉን ሲጠብቅ ማየት የፈለገ እዚሁ ያለውን የሴቶች የቁጠባ ቡድን ይመልከት። በሳምንት አንድ ቀን ይገናኛሉ። ብሩ የሚገባበት የብረት ሳጥን ሦስት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹ በሦስት ሴቶች እጅ ናቸው፤ ሦስቱም ካልመጡ አይከፈትም። የዘገየች ትቀጣለች፤ የቀረች ትቀጣለች። አሠራሩን ኬር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ኒጀር ውስጥ ከሴቶች ጋር ጀምሮት ነው ወደ ብዙ የአፍሪካ ገጠሮች የተዛመተው፤ ለእኛ ግን እንግዳ አይደለም፤ እቁብ ከዚያ በፊት ነበረ። የእቁብ ዳኛ ዕጣ የደረሰውን ሰው ዋስ ሳያስጠራ ብር አያስረክብም። ዋሱም የሚገባበትን ያውቃል፤ ሰውየው በሚቀጥለው ዙር ቢጠፋ የሚከፍለው እሱ ነው። ስለዚህ ቀኑ ሳይደርስ ሄዶ ቤቱን ያንኳኳል። ማንም በዚህ አይቀየምም። አንዲት ሁላችን «ኤዶ» የምንላት የቡድኑ ሳጥን ጠባቂ መቀጮ ስትቀበል አይቻለሁ፤ የገዛ እህቷን ልጅ ነበር የቀጣቻት። ልጅቱ ከፍላ ተቀመጠች፤ ጨዋታው ቀጠለ። ቅጣቱ የኤዶ ቁጣ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ሳምንት ይኮራረፉ ነበር። የተቆጣት ሰው የለም፤ ደንቡ ነው።

ገንዘብ ሳይያዝም መጠያየቅ ይጠቅማል የሚለኝ ሰው ይኖራል። እውነት አለው። ፌሊፔ ካስት፣ ስቴፋን ማየርና ዲና ፖሜራንዝ ቺሊ ውስጥ በአነስተኛ ንግድ የሚተዳደሩ ሰዎችን ሲያጠኑ፣ የቁጠባ ዕቅዳቸውን በቡድን ፊት የተናገሩትና በየጊዜው የሚተያዩት ገንዘብ ያስገቡበት ብዛት ከሌሎቹ 3.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን እዚያም ቢሆን ቀኑ የታወቀ ነበር፤ ማስገባት አለማስገባቱም በቡድኑ ፊት ይታይ ነበር፤ «ደህና ነኝ» ብሎ ማለፍ አይቻልም ነበር። ቀጥለው ደግሞ በቡድኑ ፋንታ በስልክ አጭር መልእክት ቢላክላቸው ውጤቱ ከቡድኑ ብዙም አላነሰም። ይህን ሳውቅ ንዴቴ ባሰ። የስልክ መልእክት ሊሠራው ለሚችል ሥራ ነው ጎረቤቶቼን ያጣሁት! መልእክቱን ማንም አይቀየመውም፤ ማንም መንገድ አይቀይርበትም።

ረመዳንንም አስቡ። ከዓመት ዓመት ያለ ጫት አንድ ቀን መዋል የማይችል የሚመስለው ቃሚ ጎህ ሲቀድ ያቆማል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ አፉን አይከፍትም፤ በዚያ ሙቀት ውኃ እንኳ አይጠጣም። ሌሊቱን እንደሚቅም አውቃለሁ፤ ያንን አልሸፍንም። ቀኑን ግን ይዞታል፤ ማንም ጠያቂ ሳይሾምለት። ፈጣሪውን ይፈራል፤ መንደሩም ሁሉ በአንድ ሰዓት ይጾማል፤ ጎኑ ተቀምጦ «ዛሬን ብቻ» የሚለው የለም። ጠዋት «አቅም የለኝም» ብሎ የሚነግረኝ ሰው አቅም እንዳለው እኔ በዐይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ነው ንግግሩ የሚያደክመኝ።

በቅርቡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለዚያው የመግቢያ ፈተና ሊያነብ ቆርጦ መጣ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ቢያነብ ያልፋል፤ እንዲያልፍም ከልቤ እፈልጋለሁ። «አንተ ጠይቀኝ» አለኝ። እንዲህ አልኩት፦ አንድ ሺህ ብር በእጄ አስቀምጥ፤ ሐሙስ ሐሙስ ያነበብከውን ምዕራፍ ይዘህ ና፤ ጥያቄ አውጥቼ እጠይቅሃለሁ፤ ካልመጣህ ከብሩ ላይ እየተነሳ ለተማሪዎች ደብተር ይገዛበታል፤ እኔም ሐሙስ ከቀረሁ ያንኑ ያህል ከኪሴ አወጣለሁ። ፊቱ ተለወጠ። «አቦ፣ እኔና አንተ በብር ልንተማመን?» አለኝ። አምነዋለሁ። እንደሚያምነኝም አውቃለሁ፤ ከእርሱ በፊት የመጡትም ያምኑኝ ነበር፤ ዛሬ ሰላምታ እንኳ የለንም።

አስቤ እነግርሃለሁ ብሎ ሄዷል። ጥያቄዎቹን ከወዲሁ ማውጣት ጀምሬያለሁ፤ ብሩን ይዞ ከመጣ ሐሙስ ከሥራ መውጫ በኋላ ቤቴ አለሁ።