በጀርመን አገር ሰባት ቤት መቁጠር

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሰባት ቤት ያስቆጠረኝ ገና የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ማታ ማታ እግሩን ሳጥበው ከራሱ ስም ይነሳና ወደ ላይ ይወጣል። እኔ እየተከተልኩ እደግማለሁ፤ አንዱን ከዘለልኩ እንደገና ከሥር ይጀመራል። ወረቀት የለ፣ ማኅተም የለ፣ ክፍያ የለ። ዛሬ ጀርመን አገር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጀርመናዊ አግብቼ ሁለት ልጆች ወልጃለሁ። ልጆቼ የእኔን ወገን እስከ ሰባት ይቆጥሩታል፤ የአባታቸው ላይ ሲደርሱ ግን ከአያት አያልፉም ነበር። አንድ ቀን ትንሿ «የአባባ ሰዎች ስም የላቸውም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላቸው ብዬ ፍለጋ ጀመርኩ። ሰባት ዓመት ሆነኝ። አሁን ታክቶኛል፤ እሮሮዬን የማሰማውም ያንኑ መንገድ ገብታችሁ ለምትባክኑት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ከመዝገብ ቤቱ ልጀምር። ፕሩሲያ ውስጥ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ መስፈር የጀመረው ከኦክቶበር 1874 ወዲህ ነው፤ በመላው የጀርመን ግዛት ደግሞ ከጃንዋሪ 1876። ከዚያ በፊት ያለው አብዛኛው በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። የመንግሥቱ መዝገብ የልደት ከሆነ 110 ዓመት፣ የጋብቻ 80፣ የሞት 30 ዓመት እስኪሞላው ለሁሉም ሰው አይከፈትም። ቀጥተኛ ተወላጅ ቢጠይቅ ግን ይሰጠዋል። እኔ ታዲያ ይህን ሳላውቅ ወረፋ ይዤ ገባሁ። የመስኮቷ ሴትዮ «ለባለመዝገቡ ምኑ ነዎት?» አለችኝ። «የልጅ ልጁ ሚስት ነኝ» አልኳት። «እንግዲያው ዘመድ አይደሉም» ብላ ቅጹን መለሰችልኝ።

ልጆቻቸውን ወልጄ፣ አማቴን አስታምሜ፣ ዘመድ አይደሉም! ሕጉን አውቃለሁ፤ የሰው ገመና እንዲጠበቅ የወጣ ሕግ ነው፤ ክፋት የለውም። ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ያመኛል። ባለቤቴ ውክልና ፈረመልኝና ክፍያውን ከፍለን አራት ወር ጠበቅን። የመጣልን በኮምፒውተር የተተየበ ሦስት መስመር ወረቀት ነው። ዋናው ገጽ ላይ የአባትየው ሥራ፣ የመኖሪያ ቤቱ፣ ልደቱን መጥቶ ያስመዘገበው ሰው፣ በኅዳጉ ላይ በኋላ የተጨመረው ጽሑፍ ሁሉ አለ። ማመልከቻው ላይ «የመዝገቡ ገጽ ራሱ ፎቶ ኮፒ ይደረግልኝ» ተብሎ ካልተጻፈ ግን የሚሰጡት ያንን ተተይቦ የሚወጣውን ነው። ይህን ማን ነገረኝ? መሥሪያ ቤቱማ አልነገረኝም። የነገረኝ እንደ እኔው የራሱን ዘር ሲፈልግ የከረመ፣ ፊቱን አይቼው የማላውቅ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ሁሉ የተማርኩት ከማላውቃቸው ሰዎች ነው። የድካሜ ሥር ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ እመለስበታለሁ።

የባለቤቴ አባት ወገን ከሰሜን ባሕር ዳርቻ፣ ከኦስትፍሪስላንድ ነው። በዚያ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ለብዙው ሰው አልነበረም፤ ልጅ የሚጠራው እንደ እኛው በአባቱ ስም ነበር። «ያን» የሚባል ሰው ልጁ ሃርም ቢባል «ሃርም ያንሰን» ነው። የሃርም ልጅ በተራው ያን ቢባል «ያን ሃርምስ» ይሆናል። በ1811 አገሩ በናፖሊዮን እጅ ሳለ ሁሉም ቋሚ የቤተሰብ ስም ይያዝ ተብሎ ታወጀ፤ ሕዝቡ ግን አዋጁን ሰምቶ በልማዱ ብዙ ዓመት ቀጠለ። ባለቤቴ አባትና ልጅ በሁለት የተለያየ ስም መጻፋቸውን ለመቀበል አንድ ወር ፈጀበት። እኔ በአንድ ደቂቃ ገባኝ፤ ደስታዬንም አልረሳውም፤ አገሬ የገባሁ ነው የመሰለኝ።

ደስታው ግን አልቆየም። የኦስትፍሪስላንድ ሰው የበኩር ልጁን በአባቱ ስም፣ ሁለተኛውን በሚስቱ አባት ስም ይሰይማል። ያው ሦስትና አራት ስም ሲዞር ሲዞር፣ በአንድ አጥቢያ በአንድ ጊዜ አምስት ሃርም ያንሰን ይገኛል። የእኛን ሃርም ያንሰን ከሌሎቹ ለመለየት ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። የለየሁት በልጆቹ የክርስትና አባትና እናት ነው፤ ጸሐፊው ቄስ ክርስትና ያነሱትን ሁሉ በስም ያሰፍሩ ነበር፤ እነሱም አብዛኛውን ጊዜ አጎትና አክስት ናቸው። ሥራዬን ጨርሼ ቀና ስል ምን ባይ ጥሩ ነው? ሌሎች ሰዎች በኢንተርኔት ባወጡት የዘር ሐረግ ውስጥ የእኛ ሰውዬ ከሌላው ሃርም ያንሰን ጋር ተለጥፎ ተቀምጧል። ያ ሌላው በቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ በአራት ዓመቱ የተቀበረ ሕፃን ነው! የአራት ዓመት ሕፃን የሰባት ልጆች አባት አድርገውታል። አንዱ ሳያይ ለጠፈው፤ ሌላው ከእሱ ገለበጠ፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው። አሥራ አንድ ቦታ ቆጥሬ ተውኩት። የቀብሩን ገጽ አያይዤ ለአንዷ ብጽፍላት «ብዙ ሰው እንደዚያ ስለጻፈው ትክክል መሆን አለበት» የሚል መልስ መጣልኝ። ብዙ ሰው! ሁሉም የገለበጡት ከአንድ ሰው ስህተት እኮ ነው። መዝገቡን የከፈተ አንድም አልነበረም። ያ ሕፃን እናት ነበረችው፤ ቀብራዋለች። እንዲህ መቀለድ ነውር ነው።

የእጅ ጽሑፉን ያየ ያውቀዋል። ኩረንት ይባላል። ጀርመኖች ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፉበት፣ ዛሬ የራሳቸው ልጆች የማያነቡት ጽሑፍ ነው። ናዚዎች በ1941 ከትምህርት ቤት አስወጡት፤ ከዚያ ወዲህ ፊደል የቆጠረ ጀርመናዊ የአያቱን ደብዳቤ ይዞ እንደ እንግዳ ያገላብጠዋል። «ኤ» የምትባለው ፊደል «ኤን»ን ትመስላለች፤ «ኡ» ከ«ኤን» የምትለየው ከላይዋ ባለች ትንሽ ቅስት ነው። በዚያ ላይ ቄሶቹ ላቲን ይቀላቅሉበታል፤ ቀኑንም በበዓልና በእሑድ ስም ይጽፉታል፦ ከሥላሴ በኋላ አምስተኛው እሑድ፣ የሚካኤል ዕለት እያሉ። በዚህስ አልተቸገርኩም፤ በበዓል ቀን መቁጠር ለእኔ የእናቴ ቤት ቋንቋ ነው።

አንዲት ቃል ግን ሦስት ማታ ይዛኝ አደረች። ከሃርም ያንሰን ስም ቀጥላ የተጻፈች ናት፤ እኔ «ቫሰርማን» ብዬ አነበብኳት፤ የቤተሰብ ስም መስላኝ በየመዝገቡ ቫሰርማን የሚባል ቤተሰብ ስፈልግ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ለአንድ ጡረተኛ መምህር ላክሁላቸው። እሳቸው የዚያ አካባቢ ሰው ናቸው፤ ገና ከማውቃቸው ዓመት አልሞላም ነበር። በማግሥቱ መለሱልኝ፦ «መሐሏ ላይ ያለችውን ቋጠሮ ይመልከቱ። ያች ‹ኤስ› አይደለችም፤ ‹ኤፍ› ናት። ቃሉም ቫርፍስማን ነው፤ ስም ሳይሆን ኑሮ ነው፤ ትንሽ ጎጆና ጥቂት መሬት ያለው ሰው ማለት ነው።» ቫርፍ የሚሉት ባሕሩ ሲሞላ እንዳይወስዳቸው ቤት የሚሠሩበትን በሰው እጅ የተከመረ ጉብታ ነው። ልጆቼ ቅድመ አያቶቻቸው ከውኃ በላይ በጉብታ ላይ የኖሩ ድሆች መሆናቸውን ያወቁት ከዚያች አንዲት ቋጠሮ ነው። እኚህ ሰው አምስት ሳንቲም አልተቀበሉኝም። ቡና ልላክልዎት ብላቸው እንኳ በስንት ልመና።

የአማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ወገን ሌላ ጣጣ ነው። ከምሥራቅ ፕሩሲያ ናቸው፤ ከስታሉፖነን አውራጃ። ስታሉፖነን ካርታ ላይ ቢፈለግ የለም። ናዚዎች በ1938 ስሙ የጀርመን አይመስልም ብለው ኤበንሮደ አሉት፤ ከጦርነቱ በኋላ ሶቪየቶች ኔስቴሮቭ አሉት። አንድ ከተማ በአንድ ሰው ዕድሜ ሦስት ስም! አማቴ በ1945 ክረምት በጋሪ ሲሸሹ የአምስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ስለ ሠፈራቸው ብጠይቃቸው «ተይው ልጄ፣ እዚያ በረዶ ብቻ ነው ያለው» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ደግሜ አልጠየቅኳቸውም።

የሠፈራቸው መዝገብም ጠፍቷል። በዚህ አገር መዝገብ ያጠፋው ግን ጦርነቱ ብቻ አይደለም፤ ዘርዝሬ አልዘልቀውም። የፕሩሲያ ጦር መዝገብ ፖትስዳም ላይ በኤፕሪል 1945 በቦምብ ነደደ። የኮሎኝ ከተማ ቤተ መዛግብት ደግሞ በሰላሙ ቀን፣ በማርች 3 ቀን 2009፣ ከነሕንፃው ተደረመሰ።

የአማቴን ወገን ያገኘሁት ከእሳቸው ቁም ሣጥን፣ ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ትንሽ ደብተር ናት፤ ሽፋኗ ላይ «አነንፓስ» ይላል፣ የአያት ቅድመ አያት ፓስፖርት እንደማለት። ከ1933 ጀምሮ ናዚዎች የመንግሥት ሠራተኛውን ሁሉ ወላጆችህና አያቶችህ አይሁድ አለመሆናቸውን አስመስክር አሉት። ሕዝቡ በየቤተ ክርስቲያኑ ተሰለፈ፤ ቄሶቹም ከመዝገቡ እየገለበጡ ማኅተም መቱበት። የአማቴ አባት ደብተር ሳይጎድል የተሞላ ነው፤ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ከዚያም በላይ፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሐምራዊ ማኅተም። መዝገቡ ራሱ ጠፍቶ ይህ ቀረ። እኔ ያን ማኅተም እያየሁ እጄ ተንቀጠቀጠ። ልጆቼን ከሰው ቁጥር ሊያወጣ የታተመ ደብተር፣ የልጆቼን ቅድመ አያቶች ስም ይዞ ጠበቀን። ስሞቹን ገልብጬ ወስጃለሁ፤ ሌላ ምንጭ የለኝማ። ትልቁ ልጄ ከየት እንዳገኘኋቸው ሲጠይቀኝም አልሸሸግኩትም። የሚያናድደኝ ይህንኑ ደብተር አግኝተው «የአያቴ ውድ ቅርስ» ብለው ማኅተሙን እያሳመሩ የሚያሳዩ ፈላጊዎች ናቸው። ለምን እንደተጻፈ አንዲት መስመር ብትጨምሩ ምን ነበረበት? በዚያው ዘመን ያንኑ ደብተር መሙላት ስላልቻለ ከሥራው የተባረረ፣ ኋላም ተግዞ የተገደለ ጎረቤት ነበር እኮ።

አሁን ወደ ጀመርኩት ልመለስ። የዚህ አገር ወረቀት ብዙ ነው፤ እውነት ለመናገር የእኛ አገር ቢሆን ምኞታችን ነበር። ወረቀቱን የሚያናግረው ግን ጊዜውን የሚሰጥ ሰው ነው። በ1989 የተቋቋመው የጀርመን የኮምፒውተር የዘር ሐረግ ጥናት ማኅበር በጎ ፈቃደኞች የአንደኛውን የዓለም ጦርነት የሙታን፣ የቁስለኞችና የጠፉ ወታደሮች ዝርዝር ገጽ በገጽ ለቅመው ጻፉት፤ ከ8 ሚሊዮን በላይ ስም! ማንም አልከፈላቸውም። የአማቴን አባት ታላቅ ወንድም በዚያ ነው ያገኘሁት፤ ቤተሰቡ ስሙን እንኳ ረስቶት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ባለበት አገር እኛ ፈላጊዎቹ የምንሠራውን ስሙ።

አንዱ «አያቴ ሚውለር ይባላል፤ ከፕሩሲያ ነው፤ አግኙልኝ» ብሎ ይጽፋል። ሚውለር በጀርመን አገር እንደ አሸዋ ነው፤ ፕሩሲያ ደግሞ አንድ ጊዜ ከራይን ወንዝ እስከ ሊትዌኒያ ድንበር ደርሳ ነበር። መንደር የለ፣ ዓመት የለ፣ ሃይማኖት የለ። ካቶሊክ ነበር ወይስ ሉተራን ሲባል ይቆጣል። ሌላዋ አሥር ገጽ ልካ ዛሬውኑ አንብቡልኝ ትላለች፤ ከተነበበላት በኋላ ድምጿ ይጠፋል። ሦስተኛው ያንኑ ጥያቄ ለስድስት ሰው ለየብቻ ይልካል፤ ስድስቱም አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ሌሊቱን አንድ ገጽ ላይ ያፈጣል። ያን ጊዜ ነው ሰው የሚቀየመው። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ የአንድ መንደር መዝገብ በሙሉ በእጁ አለ፤ ለማንም አያሳይም፤ ሲሞትስ? ልጆቹ ለወረቀት ማጠራቀሚያ ገንዳ ይሰጡታል። እንዲህ የተጣለ ሥራ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አርባ ዓመት የተለፋበት ካርድ በዝናብ ርሶ።

ጡረተኛው መምህር አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ባለፈው ወር ደውዬ ሳዋራቸው «ለእርስዎ አነባለሁ፤ ለሌላ ሰው ግን በቃኝ፤ አመሰግናለሁ የሚል አጣሁ» አሉኝ። ምን ልበላቸው? አጽናናኋቸው። ወደሳቸው ይሄድ የነበረው ጥያቄ አሁን ወደ እኔ መምጣት ጀምሯል፤ ኩረንት ስለለመድኩ። እኔም ማታ ልጆቹ ሲተኙ እቀመጣለሁ።

ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ካናዳ የሚኖር ሰው የእናቱን የክርስትና ወረቀት በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። አገሩ የአማቴ አገር ነው፤ ልቤ ዘለለ። ወረቀቱን በእጁ እንደያዘ ነው ያነሳው፤ አውራ ጣቱ የመንደሩን ስም መጀመሪያ ሸፍኖታል። የሚታየው «ኬመን» የሚለው መጨረሻው ብቻ ነው፤ በዚያ አውራጃ በኬመን የሚጨርስ መንደር ደግሞ ስንት አለ! ጣትዎን ዝቅ አድርገው እንደገና ያንሱልኝ ብዬ ጻፍኩለት። መልስ የለም። ከሳምንት በኋላ ደገምኩለት። እስካሁን የለም። ፎቶውን አጉልቼ አያለሁ፤ ከጥፍሩ ጫፍ ሥር የምትወጣ የአንዲት ፊደል ጭራ አለች። «ኤር» ትመስለኛለች።