ኮረኮንች ለገበያ

የወላይታ ገበሬ አየር ሸጦ ያውቃል። ለጨዋታ ማሳመሪያ ያመጣሁት አይደለም፤ ውል ያለው፣ ፊርማ ያረፈበት ሽያጭ ነው። ከእኛ ከኦፋ ጋር በሚዋሰነው በሁምቦ ወረዳ ተራራው በምንጣሮ ራቁቱን ቀርቶ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ናዳና ጎርፍ እየላከ ሰውን ሲያስመርር ኖሯል። በኋላ ገበሬው ከወርልድ ቪዥን ጋር መክሮ 2,728 ሄክታር ከለለ። አብዛኛው ቦታ ችግኝ እንኳ አልፈለገም። ከላይ የተቆረጠው ዛፍ ከሥር አልሞተም ነበርና፣ ከጉቶው ያቆጠቆጠውን እየመረጡ፣ ትርፉን እየገረዙ፣ ከብትና መጥረቢያ እንዳይገባ እየጠበቁ ጫካ አደረጉት። በ2002 ዓ.ም. በአፍሪካ የመጀመሪያው ሰፊ የደን ካርቦን ፕሮጀክት ሆኖ በተባበሩት መንግሥታት መዝገብ ሰፈረ፤ የዓለም ባንክ ፈንድም 165,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊገዛ ተዋዋለ።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ርክክቡ ነው። ገዢው መኪና አልላከም፤ ጆንያ አልቋጠረም። የገዛው ዕቃ ዛሬም እዚያው ዛፉ ውስጥ ቆሟል። ገሱባ ገበያ ላይ አንድ ሰው ሙዝህን ገዝቶ፣ ሂሳቡን ከፍሎ፣ «በል ሙዙ አንተው ዘንድ ይቀመጥ፤ ብቻ አደራ እንዳትበላው» ቢልህ ዘመዶቹን አስጠርተህ ጠበል ታስወስደዋለህ።

ስለዚህ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ ለእረፍት መጥቶ «ጋሼ፣ ሌላም የምንሸጠው ነገር አለን» ሲለኝ ወንበሬን ሳብ አድርጌ ተጠጋሁ። አየር የተሸጠበት አገር ላይ ምን የማይሸጥ አለ?

«ኮረኮንቹን» አለኝ።

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ኤምፖሪያ የምትባል ከተማ አለች። አስፓልት የሞላላቸው ሰዎች ሆን ብለው ከአስፓልቱ ወርደው 320 ኪሎ ሜትር ያህል በጠጠር መንገድ ብስክሌት ይነዳሉ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 ሲጀመር 34 ሰው ነበር የተገኘው፤ አሁን የሚመጣው በሺህ ነው የሚቆጠረው። በ2023 ዝናብ ዘንቦ ጭቃው ጎማ አላንቀሳቅስ ሲል፣ ደመወዜን አጠራቅሜ የማልገዛውን ብስክሌት ትከሻቸው ላይ ጭነው በእግራቸው ሲንፏቀቁ አየሁ።

«ምን አጥፍተው ነው?»

«ኧረ ከፍለው ነው ጋሼ! ያውም ዕጣ ከወጣላቸው።»

ዕጣ! እኛ ገና ስንወለድ የወጣልንን።

ኬንያም ነቅታለች። ማሳይ ማራ አካባቢ ከ2021 ጀምሮ በአራት ቀን 650 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያስኬድ የጠጠር መንገድ ውድድር አላት። በሩጫ የምታደርሰን ሳያንስ በኮረኮንችም ልትቀድመን ነው? ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን በብስክሌት የሚጓዙ ፈረንጆች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2003 ወዲህ ስንት ጊዜ አገራችንን ሲያቋርጡ፣ ልጆቻችን «ዩ! ዩ!» እያሉ ከመከተልና አልፎ አልፎም ጠጠሩን ራሱን ከመወርወር በቀር አንድ ሰው ተነስቶ ሂሳብ አልጠየቀም። ያንን ሁሉ ኮረኮንች በነፃ ስናስረግጥ ኖረናል።

ሸቀጥ ከመሸጡ በፊት ይቀመሳል፤ እኛም ልንቀምስ ተነሳን። ከገሱባ ተነስተን፣ ከዋናው መንገድ ወጥተን፣ በዩራፕ መንገድ እየተጠማዘዝን ሁምቦ ጫካ ደርሰን መመለስ። ዩራፕ ቀበሌን ከዋና መንገድ ለማገናኘት በ2003 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረ ፕሮግራም ነው፤ ዓላማው በክረምትም በበጋም የሚያስኬድ መንገድ ነበር። ስለ ክረምቱ ቆየት ብዬ እመጣበታለሁ።

ተሳታፊዎቹ የእህቴ ልጅ፣ ሁለት የዶርም ጓደኞቹ፣ ጎረቤቴ የሒሳብ መምህሩና እኔ ነን። ልጆቹ የተከራዩት ብስክሌት ባለ ብዙ ማርሽ ነው፤ ማርሾቹ ግን ሁሉም ሥራ ገበታቸው ላይ አልነበሩም። የእኔው ጥቁር የቻይና ሳይክል ነው፤ ከኋላው የብረት ጭነት መደርደሪያ፣ ከፊቱም ከኋላውም ሙሉ ፓራፋንጎ ያለው፣ ጀሪካን ለመጫን እንጂ ለመወዳደር ያልተፈጠረ። ከዚህ ሌላ ልጁ ስፖንጅ የተሰፋበት ጠባብ ቁምጣ አመጣልኝ። ለብሼው ከጓዳ ብቅ ስል ባለቤቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«በገበያው መሃል እንዲህ ሆነህ ልታልፍ ነው? እድሩ አያስወጣህም?»

በጋቢ ተጠቅልዬ ከከተማ ወጣሁ። በጋቢ ሳይክል መንዳት ራሱን የቻለ ስፖርት ነው፤ አንዱ ጫፍ ካቴና ውስጥ ገባ።

በነገራችን ላይ ብስክሌት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ እነ ገረመው ደንቦባ ነድተዋል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ጀግኖች ናቸው። ዋናው መንገዳቸው ግን አስፓልት ነበር፤ ሌላ ምንም ለማለት አይደለም።

ከዋናው መንገድ እንደወጣን ሸቀጣችን ጥራቱን አሳየን። ልቅ ጠጠር አለ፣ ከመሬት ራሱን ብቅ ያደረገ ድንጋይ አለ፣ ጎርፍ የበላው ቦይ አለ። ከሁሉ የሚብሰው በአግድሙ የተሸበሸበው ነው። መምህሩ አጠገቤ እየነዳ ምክንያቱን ሊያስረዳኝ ሞከረ፤ ጎማ ትንሽ ፍጥነት ሲኖረው ከጠጠሩ ላይ ይነጥራል፣ ያረፈበትን ይቆፍራል፣ የሚቀጥለው ጎማ ጉድጓዱን ያጠልቀዋል። ትምህርቱ የደረሰኝ ግን «ጎ-ጎ-ጎማ ሲ-ሲ-ሲነጥር» እየሆነ ነው። ጥርሱ ከጥርሱ እየተጋጨ እንኳ ማስተማር አይተውም። ዳገቱን ስለማንችለው ወርደን ገፋን፤ ቁልቁለቱን ደግሞ ፍሬናችንን ስለማናምነው ወርደን ገፋን። በመካከል ያለውን ግን ነዳን።

አንድ መታጠፊያ ላይ ሽማግሌ አባት ከእንሰታቸው መሃል ወጥተው በሁለት እጃቸው አስቆሙን። የልጆቹን ሄልሜት፣ የመምህሩን ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ አዩና ፊታቸው በራ። «መጣችሁ በመጨረሻ!» አሉ። መንገድ ሊለኩ የመጡ መሐንዲሶች መስለናቸዋል። እጃችንን ይዘው ጉድጓዱን አንድ በአንድ አስጎበኙን፤ ይሄኛው አይሱዙ የሰበረው፣ ያኛው አምና ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትሄድ ተሸካሚው የወደቀበት። የእህቴ ልጅ በወላይትኛ ሊያስረዳ አፉን ከፈተና ዘጋው። ምን ይበላቸው? «አባባ፣ እኛ የመጣነው መንገዱ መጥፎ ስለሆነ ደስ ብሎን ነው» ይበል? ሽማግሌው ቆባቸውን አውልቀው መረቁን፤ ዓመቱ ሳይዞር እዚህ ደጅ አስፓልት እንዲያሳያቸው ፈጣሪን ለመኑ። እኛም ንግዳችን እያየ «አሜን» አልን። ደግሞም ጎደሬ ቀቅለው በሚያቃጥለው የወላይታ ዳታ አበሉን። ዳታውን በልቶ የተነሳ ሰው ለሚቀጥለው ዳገት ማርሽ አያስፈልገውም።

ልጁ «ጠጠር ላይ ጎማ ለስለስ ሲል ነው የሚይዘው፣ ፈረንጆቹም እንዲያ ነው የሚያደርጉት» ብሎ ከጎማዬ አየር አስተነፈሰልኝ። ለፈረንጆቹ ሰፊ ጎማ እውነት ነው። የእኔው ቀጭን ጎማ የመጀመሪያውን ሹል ድንጋይ ሲያገኝ ፉጨቱ ከመንደር ተሰማ። ደግነቱ ትንሿ ገበያ ላይ ጎሚስታ አለ። የውስጡን ጎማ አውጥቶ፣ በግማሽ የተቆረጠ ጀሪካን ውኃ ውስጥ እየነከረ አረፋውን ሲፈልግ ቀና ብሎ አየን።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ሁምቦ ጫካ።»

«ማን ሞቶ?»

«ማንም አልሞተም።»

ቁምጣዬን አየ፤ ሳይክሌን አየ። «እስካሁን» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ጫካው ሲቀበለን ግን እውነት ለመናገር ቀልዱ ሁሉ ጠፋብኝ። ከሙቀቱ ወደ ጥላው ስንገባ ላቡ ጀርባዬ ላይ ቀዘቀዘ። ከአንድ ጉቶ ሦስት አራት ግንድ ሆነው የወጡ ዛፎች አሉ፤ ሥራቸው አጠገብ ጎንበስ ብለህ ስታይ አሮጌውን የመጥረቢያ ጠባሳ አዲሱ ቅርፊት አቅፎት ታገኘዋለህ። የተቆረጠው እንጨት ከዓመታት በኋላ ሐሳቡን ቀይሯል። ጎንበስ ብዬ እያየሁ ሳለ ነው ከኋላዬ «ቁሙ!» የሚል የመጣው።

የጫካው ጠባቂ ነው፤ ዱላ ይዟል። በቀጥታ የሄደው ወደ እኔ ሳይክል ነው። እዚህ አገር መደርደሪያ ያለው ሳይክል ከጫካ ከወጣ የሚጭነው ከሰል ነው።

«ምን ልትወስዱ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ለመውሰድ ከገሱባ ድረስ የሚመጣ ሰው አለ?»

ቦርሳችንን አስፈታን። ፖምፓ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ የመምህሩ ደብተር። ቆሎውን ዘግኖ ቀመሰና የበለጠ ጠረጠረን። መምህሩ ነገር ማሳጠር አይችልም፤ «ወንድሜ፣ ካርቦኑን የገዛው ሰውስ ምን ወሰደ?» ብሎ ጠየቀው።

«እሱ ደረሰኝ አለው» አለ ጠባቂው።

ለዚህ መልስ አላገኘንለትም። እኔ በልቤ በዳገቱ ላይ ያወጣነውን ትንፋሽ ሁሉ እነዚህ ዛፎች ከሰበሰቡት የዘንድሮ ሽያጭ ላይ ድርሻ ሳይኖረን አይቀርም ብዬ ነበር፤ ዱላውን አየሁና ዝም አልኩ።

ክረምቱ የመጣው ያኔ ነው። ዝናቡን በባልዲ ገለበጠው፣ ቆመ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የቀዩ አፈር ሥራ ነው። ጎማው አንድ ዙር ሲዞር አንድ ድርብ ጭቃ ይለብሳል፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ጭቃው ከፓራፋንጎው ጋር ይገናኛል፤ ሦስተኛ ዙር የለም። የካንሳስ ሰዎች እንዲህ ሲገጥማቸው የቀለም ማማሰያ እንጨት ይዘው ይመጣሉ አሉ፤ በዚያ ይፍቃሉ። እኛ ደግሞ በእንጨት መሃል ቆመን እንጨት አጣን። ልጁ ወደ አንድ ቅርንጫፍ እጁን ሲዘረጋ ጠባቂው አሁንም አልሄደም ኖሯል።

«የወደቀ ካልሆነ አይነካም!»

አምስት የተማሩ ሰዎች ዝናብ ውስጥ ተጎንብሰን የወደቀ ጭራሮ ስንለቅም፣ እሱ ዛፍ ሥር ቆሞ በዱላው እየጠቆመ መረጠልን። «ያቺ በስብሳለች። በስተግራ ያለችዋን።» በመጨረሻ አዘነልንና የሳይክሌን የኋላ ጎማ በራሱ ዱላ ፋቀልኝ። ቆሎው ሁሉ የእሱ ሆነ።

የመልሱን ጉዞ በአይሱዙ ነው የጨረስነው፤ ሳይክሎቹ ከበቆሎ ጆንያ በላይ፣ እኛ ከሳይክሎቹ በላይ። ሾፌሩ በጭቃ የተለወሰ ፊታችንን አይቶ የማን ቀብር እንደነበር ጠየቀን። እኔ ለብዙ ቀን ቡና ቆሜ ነው የጠጣሁት።

ምርቱ ግን ተፈትኗል፤ ከካንሳስ አያንስም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ ቤት ኮሚቴ ተቋቋመ። መጀመሪያ የጸደቀው የኮሚቴ አባል አይነዳም የሚለው ነው። ሁለተኛ የአበል ጉዳይ ተነሳና እሱ ላይ ሦስት ስኒ ቡና አለቀ። ጠባቂው በዳኝነት እንዲሠራ የእህቴ ልጅ ያቀረበው ሐሳብ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ይህን ስንጨርስ ወሬውን የሰሙ አንድ ሹም ብቅ አሉ። ተነስተን አስቀመጥናቸው። ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳናቸው፤ ፈረንጆቹን፣ ዕጣውን፣ ኬንያን። እስከ መጨረሻው ሰሙንና ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ።

«እንደናንተ ያለ ትውልድ ነበር የናፈቀን» አሉ። «እንግዳ ከመጣማ ገሱባ አታፍርም። ነገውኑ ግሬደር አስጠይቃለሁ። ዳገቱን አስቆርጣለሁ፤ ቦዩን አስሞላለሁ።»

የእህቴ ልጅ ስኒውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ግድ የለም፣ ድንጋዩን እንኳ ተዉልን» ብሎ ለመናቸው።

ሹሙ ወደ እኔ ዞር ብለው «ይሉኝታው ደስ ይላል፤ ጨዋ ልጅ ነው» አሉና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «አይዞህ ልጄ፤ አንዲት ጠጠር አትቀርም።»