ጳጉሜ ስድስት

የ2015 ዓ.ም. የመጨረሻዋ ቀን ሰኞ ዋለች። እናቴ ለበዓሉ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ እኔ የጓዳው በር ላይ ቆሜ ስልኬን አያለሁ። ካላንደሩ መስከረም 1 ቀን 2016 ይላል። ባሳያት ቢላዋዋን አስቀመጠችና፣ "ዘመኑ ሉቃስ አይደል እንዴ? ዛሬ ጳጉሜ ስድስት ናት። ስልክህ ሉቃስን አያውቅም ማለት ነው" አለችኝ።

እናቴ የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ስሌቱን ግን ከአባቷ ወርሳዋለች። ዓመተ ምሕረቱን 5500 ላይ ደምሮ ለአራት ማካፈል ነው፤ አንድ ሲተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 7515 ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል። ጳጉሜም ስድስት የምትሆነው በሉቃስ ማብቂያ ነው።

ካላንደሩ ክፍት ምንጭ ነው፤ ኮዱን የፈለገ ያየዋል፣ ያቃናዋል። ማታ ከፍቼ ሳየው ስህተቱ አንዲት መስመር ላይ ነበር። የጻፈው ሰው የፈረንጆቹን ልማድ ይዞ፣ ዓመታችን ለአራት ተካፍሎ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ብቻ ጳጉሜን ስድስት አድርጓታል። ዜሮውን ወደ ሦስት መቀየር ነው፤ በቃ። ያቺን አንዲት አኃዝ ለማድረስ ግን ሁለት ወር ደጅ ጠናሁ።

መጀመሪያ ኮዱን ማውረድ ነበረብኝ። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ጊት፣ ዝም ብለው ከቀዱበት የፕሮጀክቱን ታሪክ ከተጀመረበት ቀን አንስቶ ያመጣል። አጋማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ፤ ጊት ደግሞ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ይጀምራል። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ዳታዬ አለቀ። የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ የሚያወርድ አጭር ትእዛዝ እንዳለ ያወቅሁት ሦስት ፓኬጅ ከገዛሁ በኋላ ነው። የፕሮጀክቱ መመሪያ አንድም ቦታ አልጠቀሰውም። "የተለመዱትን መሣሪያዎች ጫን" ይላል እንጂ የትኞቹ እንደሆኑም አይናገርም። ለማን የተለመዱ? ያን ቅዳሜና እሑድ እነሱን ስፈልግ አሳለፍኩ።

እርማቴን በላክሁ በደቂቃ ውስጥ አንድ ሮቦት በቀይ ጽሑፍ መለሰልኝ፤ ፊርማ ይጎድላል አለ። ነገሩ ከሊኑክስ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2004 የመጣ ደንብ ነው፤ የላክሁትን ሥራ ለመስጠት መብት እንዳለኝ በስሜ አረጋግጣለሁ ማለት ነው። ደግ ደንብ ነው፣ እደግፈዋለሁ። ግን ያኔ ምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ፈርሜ ደግሜ ላክሁ። አሁን የመለሰልኝ ሰው ነው፤ "መመሪያውን ያንብቡ" ብሎ አለፈ። መመሪያውን ለአራተኛ ጊዜ አነበብኩት። ምን እንዳጎደልኩ ጠየቅሁ፤ ዝም። ሳምንታት አለፉና ሌላ ሮቦት መጥቶ፣ እንቅስቃሴ የለም ብሎ ዘጋው።

በዚያ መሐል የሰፈራችን እድር ጸሐፊ በዚሁ ካላንደር ቀን ቆጥረው መስከረም 21 ስብሰባ አለ ብለው ለጠፉ። እሳቸው እሑድ ማለታቸው ነበር። የግድግዳ ካላንደር ያላቸው ሰኞ መጡ። አዛውንቶቹ የተዘጋ አዳራሽ ደጃፍ ላይ ቆመው ሳይ ነው ነገሩ የእውነት የቆጨኝ። ካልታረመ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እየቀደመ ይሄዳልና።

በሩን የዘጉብኝን ሰዎች ድካም አላቃልልም። አብዛኞቹ ያለ ደሞዝ፣ ከሥራ መልስ ነው የሚለፉት። እ.ኤ.አ. በ2020 ሃክቶበርፌስት የተባለው ዘመቻ ላይ ቲሸርት ለማግኘት ሲባል ረብ የለሽ እርማት እንደ ጎርፍ ወርዶባቸው፣ አዘጋጆቹ በዚያው ወር ፈቃደኛ የሆነ ፕሮጀክት ብቻ ይሳተፍ ብለው ደንቡን እስከ መለወጥ ደርሰዋል። እንዲህ የተጥለቀለቀ ሰው አጥር ቢያጥር ይገባኛል። ግን አጥሩ ጎርፉን ብቻ አይደለም የሚያግደው፤ እናቴንም ያግዳል። ኮዱን ሊጽፉ የሚችሉ ብዙ ናቸው፤ ሉቃስን የሚያውቁት እኛው ነን።

ኅዳር ላይ ከዚያው ፕሮጀክት አንዲት ሴት ጻፈችልኝ። የተዘጋውን ከፍታ፣ "ምን ልታስተካክል ነበር? ከመጀመሪያው ንገረኝ፤ የቀረውን አብረን እንጨርሳለን" አለች። ስለ ሉቃስ ነገርኳት። ለ2011፣ ለ2015 እና ለ2019 ጳጉሜ ስድስት መሆኗን የሚፈትሽ መሞከሪያ አብረን ጻፍን፤ እርማቱም በዚያው ቀን ገባ። ቀጥላ፣ "የት የት እንደተሰናከልክ ሳትረሳው ጻፍልኝ" አለችኝ። አሥራ አንድ ቦታ ቆጠርኩ። እኛ ሀገር ደቦ ላይ አዲስ የመጣ ልጅ ነዶ ያቀብላል እንጂ አጨዳው መሐል አይገባም አልኳት። ያንን ይዛ ቀላል ቀላል ሥራዎችን መርጣ "ለጀማሪ" የሚል ምልክት ለጠፈችባቸው፤ በእያንዳንዱም ሥር የሚጠየቅ ሰው ስም አኖረች። ማስታወሻዬ መመሪያ ሆነ፤ የመጀመሪያው መስመር ዳታ ሳይፈጁ ኮዱን ስለማውረድ ነው።

እናቴ እርማቱ መግባቱን ስነግራት ደስ አላትና፣ ወዲያው "የሚቀጥለው ሰውስ ማንን ይጠይቃል?" አለችኝ። ስሜ እንደተጻፈ አሳየኋት።

ባለፈው ወር አንዲት ተማሪ ጻፈችልኝ። የመመሪያዬ ሦስተኛው እርምጃ በእሷ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እንደማይሠራ ነግራኝ፣ የሚሠራውን አብራ ልካለች። ፊርማውን ረስታዋለች። እንዴት እንደሚጨመር ጻፍኩላትና ላፕቶፑን ሳልዘጋ ጠበቅኋት።