ውዳሴ ካቻቢቴ

የሞተር መሐንዲሶች የቴስታታ ፊት ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ እንዳይጎብጥ ሲጨነቁ ዕድሜያቸውን ይፈጃሉ፤ የጋራዣችን ሊቅ፣ የዘይትና የቅባት አባት፣ ክቡር መካኒካችን ግን እጀታዋ የተሰነጠቀውን ካቻቢቴ ከኋላ ኪሳቸው መዘው በአሮጌዋ ዲኤክስ አልሙኒየም ቴስታታ ላይ የተጋገረውን ጓርኒሲዮን በመዶሻ እየመቱ ሲፈነቅሉ ላየ ሰው፣ እንባውን መቆጣጠር አይቻለውም።

በፕላስቲክ መፋቂያና በማለስለሻ ፈሳሽ ቀስ ተብሎ ይነሳ የሚሉ አሉ፤ እግዜር ይማራቸው። ፈሳሹ እስኪያርሰው ሩብ ሰዓት መቆም ይህን የመሰለ እጅ ሥራ ማስፈታት ነው። ደግሞስ አልሙኒየም ለስላሳ ሆኖ የተፈጠረው የባለሙያን ፊርማ ሊቀበል ካልሆነ ለምንድን ነው? ከሁለተኛው ሲሊንደር ተነስታ እስከ ውሃ መተላለፊያው የዘለቀችው ያቺ ጭረት፣ ጥልቅ፣ ቀጥ ያለች፣ አንዳች ማመንታት የሌለባት ጭረት፣ ከልብ ካልሆነ አትወጣም።

ካቻቢቴ ያልደረሰበት ጥግ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ዲስክ የተገጠመለት ድሪል ይዘምታል። ከዲስኩ የሚረግፈው ደቃቅ ዱቄት በዘይት መንገዱ ወርዶ ብሮንዚኑን ቀስ እያለ ይስላል፤ ሞተሩ ከውስጥም ሳይቀር እንዲታደስ ማሰብ የስንት ሰው ጸጋ ነው? ቀዳዳዎቹን በጨርቅ መድፈን ይቻል ነበር፤ ጨርቅ ግን የእጅ መጥረጊያ ነው። ቡሎን መግቢያው ውስጥ የቀረውንም ውሃ አይነኩትም። ቡሎኑ ሲጠብቅ መውጫ ያጣው ውሃ ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል ይባላል (ብሎኩ ብረት ነው፣ ይቻለው)። ቀሪውን ብናኝ በኮምፕረሰር ነፋስ ሲያራግፉት ደግሞ፣ በቆዩ ጓርኒሲዮኖች ውስጥ የሚገኘውን አስቤስቶስ ሳይቀር፣ አድልዎ ሳያደርጉ ለረዳቶቻቸውም ለሻይ ብርጭቆዎቹም እኩል ያድሉታል።

ከዚያ ሲሊኮኑ! ሙሉ ቱቦ፣ በለጋስ እጅ። ወደ ውጭ የተረፈው ለዓይን ያምራል፣ ወደ ውስጥ የተረፈው የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍናል፤ ቸርነት መቼም ድንበር አያውቅም።

በሳምንቱ መኪናዋ ነጭ ጭሷን እያጠነች፣ ዘይቷም ማኪያቶ መስሎ ተመለሰች። ክቡርነታቸው ኮፈኑን ከፍተው ረዥም ጊዜ በዝምታ ከመረመሩ በኋላ፣ ሐዘኔታ በተሞላ ድምፅ ለባለቤቱ እንዲህ አሏቸው፦ «ጋሼ፣ የገዙት ጓርኒሲዮን ኦሪጅናል አይደለም። ሶማሌ ተራ ይሂዱና ሌላ ይዘው ይምጡ፤ የፊተኛውን እኔ አነሳዋለሁ።»