ወደቡ መጣ፣ ፖስታው በር ላይ ቀረ

ሰሞኑን ቢሯችን ውስጥ ፊርማ እየተሰበሰበ ነው። ወሬውን ስሰማ ደስ አለኝ፤ መቼም ደመወዝ ይጨመር ሊሉ ነው ብዬ መነጽሬን ወለወልኩ፣ እስክሪብቶዬንም አዘጋጀሁ። ወረቀቱ ተራዬ ደርሶ ባነበው ምን ይላል? «የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይልና ካላንደር በሊኑክስና በእጅ ስልካችን ላይ ይምጣልን።» ይምጣልን! ዝናም ነው እንዴ?

እኔ ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ የምሠራ ያረጀሁ ትራንዚተር ነኝ። ድርጅታችን አምና ለዊንዶውስ ፈቃድ የሚከፍለው ዶላር አጣና ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ሊኑክስ በሚሉት፣ በነጻ በሚገኝ ነገር ቀየራቸው። ገንዘቡ ተረፈ። ነገር ግን ፖስታ የምንለዋወጥበትና ቀጠሮ የምንይዝበት ፕሮግራም ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ኖሮ፣ ከአማቷ እንዳልተስማማች ሙሽራ በር ላይ ቀረ። አሁን ጥግ ላይ የተረፈች አንዲት አሮጌ ዊንዶውስ አለች፤ ኢሜይል ለማንበብ እሷ ጋ እንሰለፋለን። እውነቱን ልናገር አይደል፣ ሰልፉን ወድጄው ነበር። የማን ልጅ እንዳገባች፣ የማን ኮንቴይነር ፍተሻ እንደገባ የምሰማው እዚያ ነው። ልጆቹ ግን አልቻሉትም።

የኮምፒውተሩ ልጅ ሊያስረዳኝ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ይኼ የእኛ ብቻ ጥያቄ አይደለም» አለኝ። ማይክሮሶፍት አውትሉክ የሚባል የፖስታና የቀጠሮ ዕቃ አለውና የሊኑክስ ሰዎች ይሠራልን ሲሉ ዘመናት አልፈዋል፤ ለእነሱ ኮምፒውተር የሚጫን ግን እስከ ዛሬ አልወጣም፣ በድረ ገጽ ከፍተው ይጠቀማሉ። ሌሎች ሰዎች ኢቮሉሽን የሚባል የራሳቸውን ሠርተው ተገላግለዋል። አይቢኤም ደግሞ ሎተስ ኖትስ የሚለውን የራሱን በፈረንጆቹ 2006 ለሊኑክስ አውጥቶ ነበር። ለስልኩማ ማይክሮሶፍት አኮምፕሊ የሚባል ትንሽ ኩባንያ ገዛና በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ ስሙን ለውጦ አውትሉክ ብሎ አወጣው። «የሰው ልጅ አሳድጎ በራስ ስም መጥራት ነዋ» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን አልቀለድኩም።

ደግሞስ ኢሜይል ለምን ይጠቅመኛል? ሾፌሩ ከሚሌ ይደውላል፤ ከአዋሽ ይደውላል፤ «ጋሼ፣ ሞጆ ገባሁ» ይለኛል፤ እኔም በደብተሬ እጽፋለሁ። ዕቃው መድረሱን የሚነግረን ኢሜይል ሲመጣ ሾፌሩ ጥብሱን በልቶ፣ ተሳቢው ሥር አንጥፎ ሁለተኛ እንቅልፉን ይዟል። በወጣትነቴ አሰብ ወደብ ስሠራ ቴሌክስ ነበረን። ያ ሲመጣ ቤቱን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል፤ መልእክት እንደ ደረሰ የማይሰማ ደንቆሮ ብቻ ነው። ያሁኑ ትንሽ «ጢን» ይልና ያልፋል።

ካላንደሩማ አይነሳ! አምና ካቻምና ሳይሆን ከዚያም በፊት፣ ልጄ ስልኬ ላይ በዓል መዝግብ ብላ አስተማረችኝና ጥምቀትን ጃንዋሪ 19 ብዬ «በየዓመቱ ይደገም» አልኩት። 2016 ዓ.ም. ላይ ስልኬ በማለዳ «ዛሬ ጥምቀት ነው» ብሎ ቀሰቀሰኝ። ነጭ ለብሼ ወጣሁ። ታቦቱ ገና ከመንበሩ አልተነሣም፤ ቀኑ ከተራ ነበር! የቀደመው ዓመት ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች የፈረንጁ ቀን በአንድ ተንሸራቷል፤ ጥር 11 ጃንዋሪ 20 ላይ ነበር የዋለው። ይህን የሰፈራችን ዲያቆን ሳያስብ በጣቱ ይቆጥረዋል፤ ያ ሁሉ ብር የወጣበት ስልክ ጳጉሜን የምትባል ወር መኖሯን አልሰማም።

ሰዓቱስ? የስብሰባ ጥሪ ወጣ፤ 3:00 ይላል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከረባቴን አስሬ ከች አልኩ። አዳራሹ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ አለች፤ «አባባ፣ እግርዎን አንሡ» አለችኝ። ለካ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ቤት ገብቼ እንዳልመለስ የባጃጁ፣ ቁጭ እንዳልል የወገቤ ነገር!

ይህን ሁሉ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ለልጆቹ አወረድኩላቸው። «እያንዳንዱ ነገር በተፈጠረበት ይቀመጥ! ፖስታው በዊንዶውስ ተወለደ፣ በዊንዶውስ ይኑር» አልኩ። አንዲቱ፣ ዲክላራሲዮን የምትሞላዋ፣ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና «ጋሼ፣ ታዲያ ወደብስ የተፈጠረው ባሕር ላይ አይደል?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። አሰብ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ተዘጋብን፤ ዕቃው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከጅቡቲ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ እርቆ፣ አዲስ አበባ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር፣ ሽንኩርትና የቆዳ ፋብሪካ ባለበት አገር በፈረንጆቹ 2009 ወደብ ተከፈተ። ባሕሩ አልመጣም፤ ክሬኑ፣ ኮንቴይነሩ፣ ጉምሩኩ ግን መጡ። በመልቲሞዳል የሚመጣ ዕቃ ከባሕር ማዶ ሲጫን መዳረሻው ሞጆ ተብሎ በአንድ የጭነት ሰነድ ይጻፋል። እኔስ ራሴ ከአሰብ ተነቅዬ ሞጆ የተተከልኩ አይደለሁም? ያን ጊዜ «ወደብ ያለ ውኃ!» እያልኩ ስስቅ እንደነበር ልጅቷ አታውቅም። ባታውቅ ይሻላል።

ስለዚህ ፈረምኩ። ከፊርማዬ ሥር ግን በገዛ እጄ ጨመርኩ፦ «ካላንደሩ ሲመጣ አሥራ ሦስት ወር ይዞ ይምጣ። ሰዓቱም ጎሕ ሲቀድ ይጀምር። ጥምቀትን ዲያቆኑ ያስገባልን።» ልጆቹ ሲያነቡት ተጠቃቀሱ፤ ግን አልሰረዙትም።

አሁን አለቃው በጥያቄያችን ላይ ሊያወያየን ጠርቶናል። ጥሪው ማክሰኞ 3:00 ይላል። ጠዋት ሦስት ላይ እሄዳለሁ፤ የጽዳቷን ልጅ ብቻ ካገኘሁ እግሬን አንሥቼላት፣ ዘጠኝ ላይ እመለሳለሁ።