ከማማው የወረደውን ልጅ ስለማስመለስ

ለአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር
ዋሽንግተን ዲሲ

ጉዳዩ፦ ልምድ ያለው ሠራተኛ ስለመጠቆም

ክቡራን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ በ2010 ላሳያችሁት ቆፍጣና እርምጃ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በእናንተ አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ በእኛ ብጽፋቸው አንዳንዱ ጥፋት ገና አልተፈጸመም ብላችሁ ልትከራከሩኝ ትችላላችሁ።) በዚያ ዓመት የካቲት ወር ትምህርት ቤት ለዕረፍት ተዘግቶ ሳለ፣ አንድ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ትንሽ ልጁን ይዞ የኒውዮርኩ ጆን ኤፍ ኬኔዲ አየር ማረፊያ ማማ ላይ ወጣ። ማይክሮፎኑንም ሰጠው። ልጁ አባቱ ያለውን እየደገመ ጄትብሉ 171ን ለመነሣት ፈቀደለት። የኤሮሜክሲኮውን አውሮፕላን ደግሞ «አዲዮስ አሚጎ» ብሎ ሸኘው፤ አብራሪውም በዚያው ቋንቋ መለሰለት። ሌላ አብራሪ «እኔም ልጄን ሥራ ቦታ ባመጣሁት» ብሎ ተመኘ። አባትየው «ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋባቸው የሚገጥማችሁ ይኸው ነው» አለ። ልጁ በጠቅላላው አምስት ጊዜ ተናገረ፤ አውሮፕላኖቹም በሰላም ተነሡ።

ቅጂው በመጋቢት አደባባይ ሲወጣ ግን እናንተ እንቅልፍ አልወሰዳችሁም። አባትየውንና አለቃውን ከሥራ አገዳችሁ፣ ምርመራ ከፈታችሁ፣ እንግዳ ወደ ሥራ ክፍሎቻችሁ እንዳይገባ ከለከላችሁ። የያኔው አስተዳዳሪ ራንዲ ባቢትም እንዲህ ያለው መዘናጋት ፈጽሞ ተቀባይነት የለውም አሉ። እኔም አዎን፣ የለውም እላለሁ። በ1994 አንድ የኤሮፍሎት አብራሪ ሳይቤሪያ ሰማይ ላይ ልጆቹን ተራ በተራ መሪው ፊት አስቀምጦ ነበር፤ የ15 ዓመቱ ልጅ መሪውን ሲጫነው አውቶፓይለቱ በከፊል ተላቀቀ፣ 75 ሰውም አለቀ። ስለዚህ ሕጋችሁን አልነካም።

እኔን የገረመኝ ፍጥነታችሁ ነው። በአምስት የልጅ ዐረፍተ ነገር እንዲህ የሚደነግጥ መሥሪያ ቤት፣ አዋቂ ሲያጠፋማ ምን ሊሆን ነው ብዬ ሰጋሁላችሁ።

ብዙም አልጠበቅሁ። በመጋቢት 2011 እዚሁ ዋሽንግተን አጠገብ፣ በሬገን አየር ማረፊያ፣ ሌሊት ላይ ሁለት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ማማውን ቢጠሩት ቢጠሩት ዝም አላቸው። ራሳቸው ችለው አረፉ። በማማው ውስጥ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ለአራተኛ ተከታታይ ሌሊት ተረኛ ስለነበር እንቅልፍ ጥሎታል። ልጅ እንዳይመስላችሁ፤ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ አለቃ ነበር። አየር ማረፊያው ደግሞ የተሰየመው በ1981 አድማ የመቱ ከ11,000 በላይ ተቆጣጣሪዎችን ባባረሩት ፕሬዚዳንት ስም ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ሽሙጥ ከእኔ ይልቅ ያውቃል።

ስለ ዕቃዎቻችሁ ብዙ አልልም። በሚያዝያ 2025 ወደ ኒውርክ የሚበሩትን አውሮፕላኖች ለሚከታተሉት ተቆጣጣሪዎች ራዳሩም ሬዲዮውም ለ90 ሰከንድ ያህል ጠፋባቸው። በዚያው ሰሞን የያኔው ተጠባባቂ አስተዳዳሪያችሁ ምክር ቤት ቀርበው ፍሎፒ ዲስክና የወረቀት ቁራጭ ከእንግዲህ ይበቃናል አሉ። እኔ ፍሎፒ ዲስክን መጨረሻ ያየሁት የት እንደነበር ማስታወስ አቅቶኛል፤ ለካስ በላዬ ሲያልፍ ኖሯል።

አሁን የማልቀልድበት ነገር ላይ ደረስኩ። በጥር 2025 መጨረሻ፣ ፖቶማክ ወንዝ ላይ፣ የመንገደኛ አውሮፕላንና የጦር ሠራዊት ሄሊኮፕተር ተጋጭተው 67 ሰዎች ሞቱ። ያን ምሽት የሄሊኮፕተሮቹንም የአውሮፕላኖቹንም ሥራ ደርቦ የያዘው አንድ ተቆጣጣሪ ነበር። በኋላ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መረጃውን ቢያገላብጥ፣ ከጥቅምት 2021 እስከ ታኅሣሥ 2024 ድረስ በዚያ አየር ማረፊያ ዙሪያ የመንገደኛ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር የተቀራረቡባቸው 15,214 አጋጣሚዎች አገኘ። በ85ቱ ርቀታቸው ወደ ጎን ከ1,500 ጫማ፣ ከላይ ወደ ታች ከ200 ጫማ ያነሰ ነበር። መረጃው ተደብቆ አልነበረም፤ እጃችሁ ላይ ነበር። ሟቾቹ ያለፉበትን ሰማይ እኔም ቤቴ ሆኜ በመስኮት አየዋለሁ። እስከ አምስት ሳይሳሳት የሚቆጥር መሥሪያ ቤት ከዚያ በላይ ሲሆን ለምን ጣት እንደሚያጥረው፣ እስከ ዛሬ በቅጡ የነገረኝ የለም።

ስለዚህ ሠራተኛ ልጠቁማችሁ። የ2010ሩ ልጅ ዛሬ ሃያዎቹ ውስጥ ገብቷል። ደንባችሁ አመልካች 31 ዓመት ሳይሞላው ይመዝገብ ስለሚል ገና ጊዜ አለው፤ በ56 እስክታስወጡትም ብዙ ያገለግላችኋል። ወደ 3,000 ተቆጣጣሪ ይጎድላችኋል ይባላል፤ ካሉትም ብዙዎቹ በቀን ዐሥር ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራሉ። ልጁ ድምፁ ጥርት ያለ፣ የተነገረውን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚደግም፣ እንግዳ መሸኘት የሚያውቅበት ነው። ደግሞም ልብ በሉልኝ፤ እሱ በሠራበት ቀን አንድ ማይክሮፎን ላይ ሁለት ሰው ነበር። ፖቶማክ ላይ በዚያ ምሽት ሁለት ሥራ ላይ አንድ ሰው ነበር። ከሁለቱ አሠራሮች ደንብ ጣሰ ተብሎ ሰው የታገደበት የትኛው እንደሆነ መዝገባችሁ ይነግራችኋል።

ሲቀጠር ትርፍ ነገር አይጠይቅም። ሌሊት ጓደኛ ይመደብለት፣ በሁለት ፈረቃ መካከል የሚተኛበት ጊዜ ይሰጠው፣ ራዳሩ እንዳይጠፋበት ሽቦው ይታይለት።

የደመወዙን ነገር ግን ከወዲሁ ንገሩት። በ2025 መንግሥት በበጀት ጠብ ለ43 ቀናት ሲዘጋ፣ ተቆጣጣሪዎቻችሁ ያለ ደመወዝ ማማ ላይ ወጥተው ሠርተዋል፤ አንዳንዶቹም ከሥራ ሲወጡ ለሰው ምግብ እያደረሱ የቤት ኪራይ ከፍለዋል። ልጁ በዚህ የሚከፋ አይመስለኝም። በ2010ም በነጻ ነው የሠራው።

ከሰላምታ ጋር
ከደለስ አየር ማረፊያ አዲስ አበባ የሚመላለስ አንድ መንገደኛ

ግልባጭ፦
ለአሜሪካ ኮንግረስ (ክፍት ከሆነ)